ባለ ቀይ ነጥቧ

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ባሕር እንስሳ ማውራት ስጀምር የሰማኝ ሁሉ “አንተ ደግሞ ይሄን ከየት አመጣኸው?” ስለሚለኝ ነው። ያመጣሁት ከታች ቤት ነው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ ከእግሬ ሥር አንደኛ ፎቅ ላይ አባባ፣ ባለቤታቸው እማማና ምራታቸው ይኖራሉ። ልጃቸውም እዚያው ይኖራል ይባላል። የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ግን ከሰውየው ይልቅ ጫማውን ነው የማውቀው፤ በራቸው ላይ ትልቅ ጫማ ካየሁ መጥቷል ማለት ነው።

አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማችን የዓሣ ማሳያ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ምራታቸው ወደ ቤታቸው ስትገባ ገንዳ አጣቢ አድርገው አስቀጠሯት፤ እሳቸው ሲወጡ ደግሞ ቦታቸውን እሷ ያዘች። ይኸው ስድስት ዓመቷ። እኔ በሆዴ “ቴርሞሜትር” ነው የምላት። በደረት ኪሷ ሁልጊዜ አንድ ቴርሞሜትር ትሰካለች፤ ገበያ ስትወጣም አታነሳውም። ጎበዝ ሠራተኛ ናት፣ አይካድም። ሳቋ ግን በቀጠሮ ነው።

ሁለቱም ዕድሜያቸውን የሰጡት ቀዝቃዛው ክፍል ለሚባለው ቦታ ነው። ከማሳያው ጀርባ በጠባብ መተላለፊያ የሚደረስበት ጨለም ያለ ክፍል ነው፤ አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ከፊት፣ አንድ ትንሽ ገንዳ ከጓዳ። ውስጡ ያሉት ዓሦች አይደሉም። ናውቲለስ ይባላሉ።

ናውቲለስን ላላየ ሰው እንዲህ ልበል። ዛጎሉ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከላይ ቡናማ ቀይ ሰንበር አለው። ታዲያ ምራትየዋ ፊት “ቀንድ አውጣ” ያለ ሰው ወዮለት። ዝምድናው ከኦክቶፐስ ጋር ነው። ከዛጎሉ አፍ ዘጠና የሚያህል ቀጭን እጅ ይወጣል፤ የኦክቶፐስ እጅ ላይ ያሉት ክብ ክብ መጣበቂያዎች የሉትም፣ በሸካራነቱ ብቻ ነው የሚይዘው። ዓይኑ ሌንስ የለውም፤ እንዲሁ ቀዳዳ ነው፣ የባሕሩ ውሃ ገብቶ ይወጣበታል። ምግቡን የሚያገኘው አሽትቶ ነው። ሲዋኝ ደግሞ ውሃ ከፊቱ እየረጨ ወደ ኋላው ነው የሚሄደው፤ የሚሄድበትን አያይም። እማማ ይህን የሰሙ ዕለት “እንደ ልጄ መኪና አነዳድ በሉኛ!” አሉ።

እኔን የገረመኝ የዛጎሉ ውስጥ ነው። በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። እንስሳው ሲያድግ ፊት ለፊት ወዳለው ሰፋ ያለ ቦታ ይወጣና ከኋላው ግድግዳ ይገነባል። የተዘጉት ክፍሎች ውስጥ የቀረውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ይመጥጠዋል፤ በውሃው ፈንታ ጋዝ ይገባል። ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም የሚቆየው በዚያ ነው። ጋዝ፣ ቱቦ፣ ግፊት። ሲነግሩኝ ወዲያው ገባኝ፤ እንጀራዬ ነው።

ዘሩን በተመለከተ አባባን ማዳመጥ ነው። “ሰባት ቤት ቁጠር ቢሉህ አንተ አራተኛው ላይ ታዛጋለህ” ይሉኛል። “እሷ ግን ከእንቁላል ስትወጣ ሰባት ክፍል ዛጎሏ ውስጥ ሠርታ ነው የምትወጣው። ሰባት ቤቷን ይዛ ትወለዳለች!” የናውቲለስ ወገኖች ባሕር ውስጥ መዋኘት የጀመሩት ከዛሬ አምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው አሉ፤ ያኔ የብስ ላይ ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ዳይኖሰር መጣ፣ ሄደ። ዛጎላቸው የተጠቀለለ ብዙ ዘመዶቻቸውም ከዳይኖሰር ጋር አብረው አለቁ። እነዚህ ግን ጥልቁ ውስጥ የሞተ ሸርጣን እየለቃቀሙ፣ ጥቂት ትልልቅ እንቁላል እየጣሉ፣ ሳይቸኩሉ እዚህ ደረሱ።

ችግሩም ይኸው አለመቸኮላቸው ነው። ለአቅመ እንቁላል ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። የማሳያው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ የሚቸኩል ሰው ነው። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ምራትየዋን ቢሮው ጠርቶ እንዲህ አላት፦ “ሰው ትኬት የሚቆርጠው የሚንቀሳቀስ ነገር ለማየት ነው። ያንቺዎቹ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰዓት ናቸው፤ ያውም የቆመ ሰዓት። ይወልዳሉ ካልሽ ይውለዱ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንቁላል ካላየሁ ክፍሉን ለሌላ እሰጠዋለሁ፤ አንቺም ትኬት መስኮት ትገቢያለሽ።”

ትኬት መስኮት! ያቺ ልጅ ለሰው ፈገግ በይ ብትባል የት ታመጣዋለች?

ናውቲለሶቹ ሦስት ነበሩ። እንዳይምታቱ አባባ በእማማ የጥፍር ቀለም ዛጎላቸው ላይ ምልክት አድርገዋል፦ ባለ ቀይ ነጥቧና ባለ ነጭ ነጥቡ። ሦስተኛው የዛጎሉ አፍ ላይ ትንሽ ስብራት ስላለበት ምልክት አላስፈለገውም፤ ባለ ስንጥቁ ተባለ። በመዝገቡ መሠረት ባለ ቀይ ነጥቧ ሴት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ባለ ቀይ ነጥቧና ባለ ነጭ ነጥቡ ትልቁ ገንዳ ውስጥ እንደ ባልና ሚስት አብረው ኖሩ። ትርፉ ወንድ፣ ባለ ስንጥቁ፣ ጓዳ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከሌላ ከተማ ማሳያ ደብዳቤ መጣ። እዚያ አንዲት ሴት ናውቲለስ አለች፤ ለዘር የሚሆን ወንድ ካላችሁ ስጡን ይላል። ሥራ አስኪያጁ ደስ አለው። ትርፍ ወንድ አለ፣ ይሂድ። ሐሙስ ጠዋት መኪና እንዲመጣ ተቀጠረ።

ሰኞ ዕለት ማቀዝቀዣው ቆመ። ውል ያለው ድርጅት “ረቡዕ እንመጣለን” ሲላት ስልኩን ዘግታ እኔ ጋ ደወለች።

“ጋሼ፣ ውሃው አሥራ ስድስት ዲግሪ ነው መሆን ያለበት፤ አሁን ሃያ አንድ ገብቷል” አለች። ድምጿ ያው ነው፤ ቢቃጠልባትም በዚያው ድምፅ ነው የምትናገረው።

ሄድኩ። ነገሩ ከባድ አልነበረም፤ የፋኑ ሞተር ተጣብቆ፣ ሙቀት አውጪው ኮንደንሰር በአቧራ ተደፍኗል። ጠራርጌ፣ ሌላ ሞተር ገጥሜ አስነሳሁት። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው። አንድ ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ገንዳውን ማየት ያዝኩ። ባለ ቀይ ነጥቧና ባለ ነጭ ነጥቡ ፊት ለፊት ተጣብቀው እጆቻቸው ተቆላልፈዋል።

“ምን ሆነው ነው?” አልኩ።

“እየተራከቡ ነው። ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ነው። አንዳንዴ ሙሉ ቀን ይቆያሉ።”

“አጃኢብ! እና እንቁላሉስ?”

“እሱን ነው የማላውቀው” አለች። “ሁሉንም በደብተሩ መሠረት ነው የማደርገው። ምግቡም፣ ብርሃኑም፣ ውሃውም።”

ደብተሩ የአባባ ነው። ሲወጡ ለእሷ አስረክበዋታል። ሰማያዊ ሽፋን፣ በጨው ውሃ የተኮማተረ ወረቀት፣ የሃያ ዓመት የዕለት ማስታወሻ። በላስቲክ ጠቅልላ መደርደሪያ ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ አወጣጧም እንደ ቅዱስ ነገር ነው። የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ያዥ ሴትና ወንዱን የገለበጠውም ከዚሁ ነው። ሌላ መዝገብ የለም።

እጄን ጠርጌ አንድ ሁለት ገጽ አነበብኩ። “ባለ ቀይ ነጥብ፦ ሽሪምፕ አንድ ተኩል በላች። ጥግ ይዛ ተኛች። አንጀቴን በላችው።” “ባለ ስንጥቅ፦ ዛሬም አልበላም። ውሃ ረጨብኝ።” እየገለጥኩ ሄድኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ።

“ምንድን ነው ጋሼ?”

“አባባ አይለወጡም። ይኸው፦ ‘አዲሷ ቱቦ መጣች፤ ጎበዝ ናት።’ እዚህ ጋ ደግሞ ‘መጥረጊያዬን ማን ወሰዳት?’ ይላል። ሳይክላቸውን ታስታውሺያለሽ? ‘እሷን ጥላ ሥር አቁምልኝ’ ይሉኝ ነበር እኮ።”

“እና?”

“እናማ ሽማግሌው የወደዱት ነገር ሁሉ እሷ ነው። ያስቀየማቸው ሁሉ ደግሞ እሱ። አሮጌውን ቱቦ እይ፦ ‘ይሄ ርጉም ዛሬም አፈሰሰ።’ ያው ቱቦ አይደለም እንዴ? አዲሷ ሴት፣ አሮጌው ወንድ።”

እኔ ይህን ያልኩት ለጨዋታ ነው። ቀና ስል ግን ምራትየዋ ቴርሞሜትሯን ከኪሷ አውጥታ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ደብተሩን ከእጄ ወሰደችና ወደ መጀመሪያው ገጾች ገለጠች። ባለ ስንጥቁ የመጣበትን ቀን ፈልጋ አገኘችው። ጮክ ብላ አነበበች፦ “‘ሦስተኛው ደረሰ። ገና ስይዘው ነከሰኝ።’”

ናውቲለስ እንደ በቀቀን ያለ ጠንካራ አፍ አለው፤ ይነክሳል።

“ጋሼ” አለች ቀስ ብላ። “ወንድ ያሏት... ስለነከሰቻቸው ብቻ ቢሆንስ?”

“ሴት ሆና ነክሳቸው?”

“አዎ። ያቺኛዋ ደግሞ ትንሽ ሆና ስለመጣች ብቻ እሷ ያሏት ቢሆንስ? ቡጢ ታህል ነበር ብለው ጽፈዋል። በዚያ ዕድሜ ሴት ትሁን ወንድ አይለይም።”

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። ደብተሩ ከተሳሳተ፣ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ወንድ አጋብታ እንቁላል ስትጠብቅ ኖራለች። አንዲቷን ሴት ደግሞ ሐሙስ ጠዋት በገዛ እጇ ጠቅልላ ልትልክ ነው። ከሐሙስ በኋላ በዚያ ክፍል እንቁላል የሚባል ነገር አይኖርም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ክፍሉም አይኖርም።

“በይ አባባን ጠይቂያቸው” አልኳት። “ከእግሬ ሥር ነው የሚኖሩት፤ ባሕር ማዶ አይደሉም።”

“እንዴት ብዬ? ‘ደብተርዎ ተሳስቷል’ ልበላቸው? አማቴ እኮ ናቸው።”

ስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲበሉ ስለ ሥራው አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። እሷ “ጡረታ የወጣ ሰው በሥራ አይጨነቅ” ብላ ነው። እሳቸው ደግሞ “ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ” ብለው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እሳቸውን አይመለከትም። እኔ በመሐል ሆኜ የሁለቱንም ስሰማ ነው የኖርኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አይደል የሚባለው? ለጎረቤት ግን ዘመድ ነው።

በማግስቱ ማታ ከራት በፊት ወረድኩ። አባባ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቦርሻሉ። እማማ ልብስ ያጥፋሉ። ምራትየዋ በር ላይ ቆማ እጇን ታሻለች።

“አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አልኩ።

“አንተ ፍሪጅ፣ ያለ ነገር አትወርድም። ጠይቅ።”

“ባለ ቀይ ነጥቧ እንዴት ያለች ናት?”

ብሩሹን አስቀመጡት። ፊታቸው በራ። “እሷ? እሷን የመሰለ አለ? ከእጄ ነው የምትበላው። ድምፄን ታውቃለች ብልህ አታምነኝም፤ ጆሮ የላትም፣ ግን ታውቃለች። ቡጢ ስታህል መጣች፤ ዛጎሏ ላይ እያንዳንዷን መስመር ሲጨመር አይቻለሁ።”

“ሴት ናት ማለት ነው?”

“ማን?”

“ባለ ቀይ ነጥቧ።”

አባባ እንደ ሞኝ አዩኝ። “እሷማ ወንድ ናት!”

 እማማ አንድ ፎጣ በእጃቸው ይዘው ቀሩ።

“ወንድ ናት?” አልኩ።

“ወንድ ናት አልኩህ እኮ። አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው የለየላት። እጆቿን ከሥር ስትገልጥ በአንድ ጎን አራት እጅ የተጣበቀ የመሰለ ወፍራም እብጠት አለ፤ ወንዱ ነው ያ ያለው። ባለ ነጩም እንደዚያው ነው። ሴቷ ያ ተናካሹ ነው።”

“ሴቷ ተናካሹ ነው” ብለው እማማ ደገሙት። “ስሙት እንግዲህ! እኔንም እኮ እንደዚሁ ነው። ጨው የበዛ ቀን ‘ይሄ ሰውዬ ዛሬም አበዛው’ ይለኛል። አርባ ዓመት ሚስት ሆኜ ስንቱን ቀን ወንድ እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።”

ምራትየዋ ከበሩ ተነቃነቀች። “አባባ፣ ታዲያ ለምን ደብተሩ ላይ አልጻፉትም?”

“ማን ጠየቀኝ? ደብተሩ የእኔ ማስታወሻ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። አንቺም የምታውቂ መስሎኝ ነው። ሁለቱን ወንዶች አብረሽ ያስቀመጥሻቸው እንዳይጣሉብሽ ያንን ተናካሽ ለይተሽ ነው ብዬ፣ ጎበዝ አልኩ በልቤ።”

“ግን ሲራከቡ አየሁ። ሙሉ ቀን።”

“ወንዱ ምን ያውቃል! ዓይኑ ቀዳዳ ነው አላልኳችሁም? ያገኘውን ነው የሚያቅፈው።”

እኔ መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ የምራትየዋን ፊት ሳይ ተውኩት። ስለ ሥራ አስኪያጁ ቀነ ገደብ፣ ስለ ትኬት መስኮቱ፣ ስለ ሐሙሱ መኪና አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አባባ እየሰሙ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ስትጨርስ እጃቸውን አጨበጨቡ።

“በቃ፣ ቀላል ነው! ተናካሹን ከጓዳ አውጥተሽ ትልቁ ገንዳ ትከቺዋለሽ። አለቀ።”

“አዎ አባባ። ግን እነዚያ ወንድ ነው የጠየቁት። ሐሙስ አንድ ወንድ መሄድ አለበት።”

እዚህ ላይ ነው የገባቸው። ብሩሹን አንሥተው የተቦረሸውን ጫማ እንደገና መቦረሽ ጀመሩ።

“ባለ ነጩን ላኪያ” አሉ ቀና ሳይሉ።

“ባለ ነጩ ሲመጣ ሙሉ ሰው ነበር። አሁን ሃያ አምስት ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ሰኞ ያስቀመጥኩለትን ሽሪምፕ እስከ ዛሬ አልጨረሰም። መንገዱን አይችለውም።”

“ዛጎል ላይ ዕድሜ አይነበብም። እነሱ በምን ያውቃሉ?”

 እማማ ናቸው የመለሱት። “አንተ ሰውዬ” አሉ፣ “ሽማግሌ ድረህ ልትልክ ነው? ለአንተ ልጅ እንደዚያ ቢያደርጉልህ ምን ትላለህ?”

አባባ ተነሥተው መኝታ ቤት ገቡ። እኔም ደረጃዬን ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ስሰማ ሰሃን ብቻ ነው የሚንቋቋው።

ረቡዕ ጠዋት ምራትየዋ ሥራ አስኪያጁን ይዛ ቀዝቃዛው ክፍል ገባች። እኔም ማቀዝቀዣውን ልይ በሚል ሰበብ ነበርኩ፤ በእውነቱ ለማየት ነው። እጇን እስከ ክርኗ ነክራ ባለ ቀይ ነጥቧን ቀስ አድርጋ ያዘቻት። ከውሃ አታወጣትም፤ ዛጎሏ ውስጥ አየር ከገባ እንደገና መስመጥ ያቅታታል። በሌላ እጇ ትንሽ ባትሪ ይዛ እጆቿን ከሥር ገለጠች። አባባ ያሉት አለ፤ አውራ ጣት የሚያህል ወፍራም ነገር በአንድ ጎን። ባለ ነጩም ያው ነው። ጓዳ ገብታ ባለ ስንጥቁን ስታይ እብጠቱ የለም። ሁለተኛ አየች፣ የለም። እጇን ስታወጣ ጣቷ ደም አለበት።

“ነከሰሽ?” አለ ሥራ አስኪያጁ።

“ነከሰችኝ” አለች።

ሥራ አስኪያጁ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ትልቁ ገንዳ ዞረ። “ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ወንድ አጋብተሽ እንቁላል ስትጠብቂ ነበር?”

“አዎ።”

“መዝገቡ ላይ ሴት ይላል እኮ።”

“መዝገቡ የተሳሳተው እኔ ደብተሩን አሳስቼ ስላነበብኩ ነው” አለች።

ልብ በሉ፣ መዝገቡን የገለበጠው መዝገብ ያዡ ነው፤ ደብተሩን የጻፉት አማቷ ናቸው። እሷ ግን ጥፋቱን ጠቅልላ ራሷ ወሰደችው። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

“ታዲያ ነገ የትኛው ነው የሚሄደው?” አለ።

የተነከሰ ጣቷን በጨርቅ ጠቀለለች። ያላዳላ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ባለ ነጩን መላክ ዘር ይገኛል ብለው የሚጠብቁትን ማታለል ነው፤ መንገድ ላይ ቢሞት ደግሞ ግፍ ነው። ባለ ቀይ ነጥቧን ብትልክ ግን ለዓመቱ መጨረሻ የሚቀርላት አንድ ሽማግሌ ወንድ ነው። ራሷንም፣ አማቷንም የሚጎዳው ይሄኛው ነው።

“ባለ ቀይ ነጥቡ” አለች በመጨረሻ። “ሰኞ ነው የበላው፤ ሆዱ ባዶ ነው፣ ለመንገድ ደርሷል።”

ማታ ለአባባ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ለመስማት ሞክሬ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን ደረጃው ላይ አባባን አገኘኋቸው። የድሮውን የሥራ ቱታ ለብሰዋል፤ ሆዱ ላይ አልዘጋ ብሏቸው በመርፌ ቁልፍ ይዘውታል።

“ወዴት ነው አባባ?”

“አንተ መኪናህን አስነሣ እንጂ ምን ትጠይቀኛለህ?”

ማሳያው ስንደርስ ምራትየዋ የፎም ሣጥኑንና ወፍራም ላስቲኮቹን አዘጋጅታለች። አባባን ስታይ ደነገጠች፤ ከዚያ ወደ ጎን ተጠጋችላቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ሳያንቀሳቅሱ አቆዩት። አላባረሩም፣ አልጎተቱም። ጥቂት ቆይቶ ባለ ቀይ ነጥቧ ውሃ እየረጨች ወደ ኋላዋ መጣችና ዞራ ጣታቸውን በእጆቿ ነካካች። ምግብ ፍለጋ ነው፤ አባባ ራሳቸው ነግረውኛል፣ የሚያሸት እንጂ የሚናፍቅ አይደለም። እሳቸው ግን አንገታቸውን አላቀኑም።

ላስቲኩን ውሃ ውስጥ እንዳለ አንሸራትተው ከሥሯ አስገቡት። ምራትየዋ ኦክስጅኑን ሞላች፤ እኔ ላስቲኩን አሠርኩ። ሁለተኛ ላስቲክ፣ ከዚያ ሣጥን፣ ከዚያ በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ላስቲኩን እንዳይነካ። የመኪናው ሰውዬ ወረቀት አቀረበ። ምራትየዋ እስክሪብቶውን ለአባባ ሰጠቻቸው።

“እኔ ምን አገባኝ? አንቺ ነሽ ኃላፊዋ” አሉ።

“አመጋገቡን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት አባባ። ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፉላቸው።”

ቆመው ጻፉ። ጀርባው አልበቃ ብሏቸው ሌላ ወረቀት ጠየቁ። ሹፌሩ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል። አባባ “አንተ ልጅ፣ አምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት የቆየ ነገር አምስት ደቂቃ ቢቆይ ምን ትሆናለህ?” አሉትና መጻፋቸውን ቀጠሉ። መኪናው ሲወጣ እስከ በሩ ድረስ አልሸኙም። ወደ ጓዳ ገብተው ለምራታቸው “በይ ያን ተናካሽ አምጪው፤ ጓንት አድርጊ” አሏት። ባለ ስንጥቋን ትልቁ ገንዳ ውስጥ ያስገቧት አብረው ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከታች ቤት በራት ሰዓት ወሬ ይሰማል። የምሰማውም ሁሉ የሽሪምፕ ልጣጭና የውሃ ጨው ነው። ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ይጨቃጨቃሉ። “አይ አባባ፣ ተሳስተዋል” ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለ ቀይ ነጥቡ ሄዶ አሥራ አንድ ቀን አልበላም ነበር አሉ፤ አባባ በየቀኑ እየደወሉ ሰዎቹን አሰልችተዋል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሽሪምፕ ጭንቅላት ወሰደ። ከሴቷ ጋር ያለውን ነገር ገና አላወቅንም።

እኛ ጋ ወሮች አለፉ። ባለ ነጩና ባለ ስንጥቋ ሦስቴ ተቆላልፈው ታዩ። እንቁላል ግን የለም። የዓመቱ መጨረሻ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ክፍሉን የሚለካ ሰው ላከ። ሰውየው በሜትር ለክቶ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ሄደ። ምራትየዋ ምልክቱን አላጠፋችውም፤ ውሃ መቀየሯን ቀጠለች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ወርክሾፕ ውስጥ ኮምፕሬሰር በትኜ እያለ ደወለች።

“ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ” ብላ ዘጋች።

ማቀዝቀዣው ተበላሸ ብዬ ዕቃዬን ሁሉ ሰብስቤ ሮጥኩ። ስደርስ ማሽኑ ደህና ይሠራል። ምራትየዋ ገንዳው ፊት ተንበርክካለች፣ አባባ ከኋላዋ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አንገቱን አስግጓል። በድንጋዩ ጎን፣ ከላይ በኩል፣ የትንሽ ነጭ ሽንኩርት ራስ የሚያህል ነጭ ነገር ተጣብቋል። ቆዳ መሳይ ነው፤ ጨርቅ ተጨምድዶ የደረቀ ይመስላል። አንድ ብቻ ነው።

“ይሄ ነው?” አለ ሥራ አስኪያጁ።

“ይሄ ነው” አለች።

“ጥሩ። መቼ ነው የሚፈለፈለው? በዓሉ ሳያልፍ ብናሳየው...”

“ጽንስ ካለው፣ ዓመት ገደማ ይፈጃል።”

“ዓመት? ዶሮ እንኳ በሃያ አንድ ቀኗ...”

“ዶሮ ትናንት የመጣች ናት” አለች ምራትየዋ፣ ፊቷን ከመስታወቱ ሳታነሳ።

አባባ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ባልዲው ሊገለበጥ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። ወደ ግድግዳው የእርሳስ ምልክት አየ፣ ወደ እንቁላሉ አየ። ያለው ነገር እንቁላል ካላየሁ ነው፤ አይቷል። የሚንቀሳቀስ ካላየሁ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ በራሱ ቃል ነው የተያዘው።

“እሺ። አንድ ዓመት” አለ። “ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።”

እሱ ከወጣ በኋላ ምራትየዋ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። እንቁላሉን ከነድንጋዩ ወደ ትንሹ ገንዳ ማዛወር አለባት፤ ለእንቁላል ደግሞ ውሃው ሞቅ ይላል፣ ሃያ ሦስት ዲግሪ፣ ያለ መዋዠቅ፣ ቀንም ሌሊትም።

“ጋሼ፣ ይህን የሚጠብቅልኝ ነገር ይሠሩልኛል? ዓመት ሙሉ የማይቆም?”

“እሠራለሁ” አልኩ።

ዓመት ሙሉ አይቆምም ብሎ ቃል የሚገባ ፍሪጅ ጠጋኝ ወይ ዋሾ ነው ወይ ዕብድ። ወርክሾፕ ተመልሼ የበተንኩትን ኮምፕሬሰር ወደ ጎን አድርጌ ሁለት ሁለት አድርጌ ዕቃ መምረጥ ጀመርኩ፤ አንዱ ቢቆም ሌላው እንዲነሣ።